ከጅማ ወደ ሙኒክ፦ የልውውጥ ተማሪ ልጁን ለመጠየቅ የሚሄድ ቤተሰብ የአሠራር መመሪያ

ለአንድ ወይም ለሁለት ሴሚስተር በልውውጥ ትምህርት ውጭ አገር የሄደ ልጅን ለመጠየቅ የሚያስብ ቤተሰብ ከሁሉ በፊት ሊያውቀው የሚገባው ነገር ጊዜው አጭር መሆኑን ነው። ሙሉ ዲግሪውን እዚያ የሚማር ተማሪ ወላጆቹን በሁለተኛውም ሆነ በሦስተኛው ዓመት ሊቀበል ይችላል፤ የልውውጥ ተማሪ ግን ሻንጣውን ፈትቶ ሳይጨርስ መልሶ የሚያስርበት ቀን ይደርስበታል። ስለዚህ የቤተሰቡ ዝግጅት መጀመር ያለበት ልጁ ከሄደ በኋላ ሳይሆን ልጁ ገና ጅማ እያለ፣ የራሱን ቪዛ በሚያዘጋጅበት ወቅት ነው።

የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሙኒክ ከሚገኘው ከሉድቪግ ማክሲሚሊያን ዩኒቨርሲቲ ጋር በተለይ በሕክምናና በጤና ሳይንስ ለረጅም ዓመታት አብሮ ስለሠራ፣ በከተማችን የልውውጥ ትምህርት ሲነሣ የሙኒክ ስም አብሮ ይነሣል። እኔም ከባለቤቴና ከታናሽ ልጃችን ጋር ታላቋን ልጃችንን ለመጠየቅ የሄድነው ወደዚያው ነው። ከዚህ በታች የቀረበው አሠራር ለጀርመን የተጻፈ ቢሆንም፣ አብዛኛው የቪዛ ሕግ ለሁሉም የሸንገን አገሮች (በአንድ የጋራ ቪዛ ለሚያስገቡት የአውሮፓ አገሮች) የጋራ በመሆኑ ልጁ ቤልጅየም ወይም ኔዘርላንድስ ያለ ቤተሰብም ሊገለገልበት ይችላል።

አንደኛ፦ ቀኑን ከኋላ ወደ ፊት መቁጠር

የሸንገን የአጭር ጊዜ ቪዛ በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ ቢበዛ ለ90 ቀን ያስቆያል። ማመልከቻው ከጉዞው ከስድስት ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ሊገባ የሚችል ሲሆን፣ ከጉዞው 15 ቀን ካነሰ ግን አይቀበሉም። ይህ የ15 ቀን ወሰን ብዙ ሰው ያሳስታል። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን አመልካቾች መደበኛውን የውሳኔ መስጫ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አራዝሞታል፤ በዚሁ ውሳኔ ለበርካታ ጊዜ መግቢያ የሚሆን ቪዛ ለኢትዮጵያውያን መስጠትም ተቋርጧል። በዚህ ላይ ቀጠሮ እስኪገኝ የሚጠበቀው ጊዜ አለ። እንግዲህ ሐምሌ 20 ለመብረር ያሰበ ቤተሰብ ማመልከቻውን ቢዘገይ እስከ ግንቦት 20 ማስገባት አለበት፤ ቀጠሮውን በሚያዝያ መያዝ፣ ፓስፖርቱን ደግሞ በየካቲት ጨርሶ እጁ ማስገባት ይኖርበታል።

ወሩን በሚመርጡበት ጊዜ ሦስት ነገሮችን አብሮ ማየት ይገባል። የመጀመሪያው የልጁ ትምህርት ነው፤ በባቫሪያ ዩኒቨርሲቲዎች የበጋው ሴሚስተር ትምህርት ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ሐምሌ አጋማሽ፣ የክረምቱ ደግሞ ከጥቅምት መግቢያ እስከ የካቲት መግቢያ በእኛ አቆጣጠር ይዘልቃል። ሁለተኛው የራሳችን ሥራ ነው፤ ቡና ያለው ቤተሰብ ከጥቅምት እስከ ጥር ከማሳው ሊርቅ አይችልም፤ ቢርቅም ልቡ እዚያው ነው። ሦስተኛው የታናናሾቹ ትምህርት ሲሆን፣ የሐምሌና የነሐሴ ዕረፍታቸው ከሁለቱም ጋር ይገጥማል። በእኔ ግምት ለጅማ ቤተሰብ ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ካለው ጊዜ የተሻለ የለም። ከመስከረም 10 ግድም ጀምሮ ለሁለት ሳምንት ያህል ሙኒክ ውስጥ የሚከበረው የቢራ በዓል የማደሪያ ዋጋ ስለሚያስወድድ፣ ያን ሰሞን መሸሽ ነው።

የሚሰጠው ቪዛ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ መሆኑንም ዕቅድ ሲያወጡ ማስታወስ ያስፈልጋል። ኦስትሪያና ስዊዘርላንድ የሸንገን አባላት በመሆናቸው ደርሶ መመለስ ይቻላል፤ ለንደን ያለ ዘመድ ጋ ጎራ ብዬ ልመለስ የሚል ሰው ግን ተመልሶ ጀርመን መግባት አይችልም።

ሁለተኛ፦ ፓስፖርትና ስም

ፓስፖርቱ ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ የተሰጠ፣ ከሸንገን ከሚወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚያገለግልና ሁለት ባዶ ገጾች ያሉት መሆን አለበት። ይህ ቀላሉ ክፍል ነው። የሚያስቸግረው ስም ነው።

የእኛ ስም አወጣጥ ለአውሮፓ የቢሮ ሠራተኛ እንግዳ ነው። እዚያ እናት፣ አባትና ልጆች ብዙውን ጊዜ አንድ የቤተሰብ ስም ይጋራሉ፤ በእኛ ዘንድ ግን ሚስት የአባቷን ስም ይዛ ትኖራለች፣ ልጅም የአባቱን ስም ያስከትላል። ስለዚህ በወረቀት ላይ እናትና ልጅ የሚያገናኛቸው አንድ ፊደል እንኳ የለም። እናትነቷን የሚያስረዳላት የልጇ የልደት ምስክር ወረቀት ብቻ ነው፤ በመሆኑም የተማሪው የልደት ምስክር ወረቀትና የወላጆች የጋብቻ ምስክር ወረቀት ከወሳኝ ኩነት ምዝገባ ወጥተው፣ ተተርጉመው ከማመልከቻው ጋር መግባት አለባቸው።

በተጨማሪም የአንድ ሰው ስም በላቲን ፊደል በሁሉም ሰነድ ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን ፊደል በፊደል ማመሳከር ይገባል። ፀሐይ፣ መሐመድ፣ ኸዲጃ፣ ጫላ የመሳሰሉ ስሞች እንደ ጸሐፊው በሦስትና በአራት መንገድ ይጻፋሉ። የባለቤቴ አባት ስም በፓስፖርቷ ላይ በአንድ «መ»፣ በባንክ ደብተሯ ላይ በሁለት «መ» ተጽፎ ነበር፤ ባንኩ እስኪያስተካክል አሥራ አንድ ቀን ጠበቅን። የሚስተካከለው ፓስፖርቱ ሳይሆን ሌላው ሰነድ ቢሆን ይመረጣል፤ ፓስፖርት ማስተካከል ጊዜ ይፈጃል።

የትውልድ ቀንም እንዲሁ ነው። በቀበሌ መታወቂያ ላይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ በፓስፖርት ላይ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፈ ቀን ሲመሳከር፣ ቀያሪው ሰባት ይሁን ስምንት ዓመት እንደጨመረ ልብ ብላችሁ እዩ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት ለተወለደ ሰው የሚጨመረው ሰባት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ለተወለደ ስምንት ነው። ትርጉም ቤቶች ይህን አዘውትረው ይሳሳታሉ።

ሦስተኛ፦ ልጁ እዚያ ሆኖ የሚያዘጋጀው

ልጁ የሚልካቸው ሰነዶች እነዚህ ናቸው፦ በስሙ የተፈረመ የግብዣ ደብዳቤ፣ በዚያ ሴሚስተር መመዝገቡን የሚያሳይ የዩኒቨርሲቲ ማረጋገጫ፣ የመኖሪያ ፈቃዱና የፓስፖርቱ ቅጂ፣ የአድራሻ ምዝገባ ወረቀቱ እንዲሁም ቤተሰቡ የሚያድርበት ቦታ ማስረጃ። ደብዳቤው ረጅም መሆን አያስፈልገውም። ማን እንደሚመጣ በሙሉ ስምና በፓስፖርት ቁጥር፣ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደሚቆይ፣ የት እንደሚያድርና ወጪውን ማን እንደሚሸፍን ከገለጸ በቂ ነው።

ስለ ማደሪያው አንድ ነገር ልጨምር። እኛ አገር እንግዳ ሲመጣ ፍራሽ ይነጠፋል እንጂ ቦታ አይጠፋም። የተማሪ መኖሪያ ቤት ግን ደንብ አለው፤ እንግዳ ስንት ሌሊት ማደር እንደሚችል የተወሰነ ነው፤ ክፍሉም አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ መስኮት ነው። ሦስት ሰው ሆኖ እዚያ ለሁለት ሳምንት መክረም ልጁን ከቤት አስተዳዳሪው ጋር ማጣላት ይሆናል። ቀድሞ አነስተኛ የእንግዳ ቤት ወይም ከከተማው ትንሽ ወጣ ያለ ማደሪያ መያዝና የቦታ ማስያዣውን ወረቀት ከማመልከቻው ጋር ማያያዝ ይሻላል።

ወጪን በተመለከተ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ቤተሰቡ በራሱ ገንዘብ መሄዱን በባንክ መግለጫ ማሳየት ነው። ሁለተኛው ጀርመን ውስጥ በቂ ገቢ ያለው ሰው በሚኖርበት ከተማ የውጭ ዜጎች ጽሕፈት ቤት ቀርቦ «ፌርፕፍሊሽቱንግስኤርክሌሩንግ» የተባለውን የኃላፊነት መውሰጃ ሰነድ መፈረሙ ነው፤ ስሙን ለመጥራት የሚወስደው ጊዜ ሰነዱን ለመፈረም ከሚወስደው አያንስም። ክፍያው 29 ዩሮ ሲሆን፣ ከተሰጠ በኋላ በስድስት ወር ውስጥ ለኤምባሲው መቅረብ አለበት። በነፃ ትምህርት አበል የሚኖር ተማሪ ገቢው ስለማይበቃ ብዙውን ጊዜ ይህን ሰነድ ሊፈርም አይችልም። ሌላ ሰው እንዲፈርም መጠየቅ ደግሞ ቀላል ውለታ አይደለም፤ እንግዳው በሕዝብ ገንዘብ ቢረዳ ወጪው የሚጠየቀው ከፈራሚው ነው። ስለዚህ ከአስተማሪው ወይም ከአዲስ ወዳጁ ይህን እንዲለምን ልጁን ባታስገድዱት እመክራለሁ። በቅርብ ዘመድ ካልሆነ በቀር በራስ ገንዘብ መሄድ ክብርም ዕረፍትም አለው።

አራተኛ፦ እዚህ የሚዘጋጁ ሰነዶች

የቪዛ መርማሪው ከሰነዶቹ ውስጥ የሚፈልገው ለሦስት ጥያቄዎች መልስ ነው፤ እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው፣ ለምን ይሄዳሉ፣ ለምንስ ይመለሳሉ? የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ከላይ የጠቀስኳቸው ሰነዶች ይመልሳሉ። ቪዛ የሚከለከሉ ሰዎች የሚወድቁት አብዛኛውን ጊዜ በሦስተኛው ነው።

የመንግሥት ሠራተኛ ከመሥሪያ ቤቱ የሥራ ልምድ፣ የደመወዝና የዓመት ፈቃድ ደብዳቤ ያቀርባል፤ በደብዳቤው ላይ ወደ ሥራ የሚመለስበት ቀን በግልጽ መጻፍ አለበት። ነጋዴ የታደሰ የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ግብር የከፈለበትን ማስረጃ፤ ቤት ያለው ካርታውን፤ መሬት ያለው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩን ያያይዛል። የባንክ እንቅስቃሴ መግለጫ ቢያንስ ያለፉትን ሦስት ወራት፣ ቢቻል ስድስት ወራትን የሚያሳይ ይሁን።

የቡና ቤተሰብ እዚህ ላይ የተለየ ችግር ይገጥመዋል። ገቢው በዓመት አንዴ፣ እሸት ቡናው ወይም ጀንፈሉ በሚሸጥበት ሰሞን ነው የሚገባው። በግንቦት የወጣ የስድስት ወር መግለጫ ላይ በጥር አንድ ትልቅ ገቢ ይታያል፤ ከዚያ በኋላ ወጪ ብቻ ነው። መርማሪው ይህን ሲያይ ለቪዛ ተብሎ የተበደሩት ገንዘብ ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ መግለጫውን ለአሥራ ስምንት ወር ማስወጣት፣ የኅብረት ሥራ ማኅበሩን ወይም የገዢውን የሽያጭ ደረሰኝ ማያያዝ እና በአንድ አንቀጽ ማስረዳት ያስፈልጋል። እኛ የጻፍነው አንቀጽ ወደ እንግሊዝኛ ከመተርጎሙ በፊት እንዲህ የሚል ነበር፦

«የቤተሰባችን ገቢ ከሁለት ምንጭ ይገኛል። የመጀመሪያው የአመልካቹ የወር ደመወዝ ሲሆን በየወሩ መጨረሻ በዚሁ ሒሳብ ገቢ ይሆናል። ሁለተኛው በስማችን ከተመዘገበው የቡና ማሳ የሚገኘው ዓመታዊ ሽያጭ ነው። በጥር ወር ገቢ የተደረገው ገንዘብ የዚህ ዓመት ምርት ሽያጭ መሆኑን የተያያዘው ደረሰኝ ያሳያል፤ ባለፈው ዓመት በተመሳሳይ ወር የገባውም በመግለጫው ሁለተኛ ገጽ ይገኛል። ቀጣዩ ለቀማ በጥቅምት ስለሚጀምር ከነሐሴ መጨረሻ በፊት መመለሳችን ግድ ነው።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ከልመና ይልቅ ይሠራል። መመለሳችንን አምኑን ከማለት፣ የሚመልሰንን ነገር ከነወሩ ማሳየት ይሻላል። በአንጻሩ ከዘመድ ገንዘብ ሰብስቦ ከቀጠሮው በፊት በነበረው ሳምንት ባንክ ማስገባት ከባዶ ሒሳብ የባሰ ጥርጣሬ ያመጣል። ሐሰተኛ ሰነድ ደግሞ አንዴ ከተገኘ ቤተሰቡን ብቻ ሳይሆን ግብዣውን የጻፈውን ልጅ ስም ያነሣል። «እኔ ሁሉንም እጨርስላችኋለሁ» የሚል ደላላ በመናኸሪያ አካባቢ አይታጣም፤ ሰነድ መጻፍም ሆነ ቅጽ መሙላት ግን ልጁ በስልክ እያገዘ ቤት ውስጥ የሚያልቅ ሥራ ነው።

በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ ሰነድ ሁሉ ፈቃድ ባለው ትርጉም ቤት ወደ እንግሊዝኛ ወይም ወደ ጀርመንኛ ይተርጎም። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ከአንድ ወላጅ ጋር ብቻ የሚሄድ ከሆነ፣ የሚቀረው ወላጅ በሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት የተረጋገጠ የስምምነት ጽሑፍ መስጠት አለበት።

የጉዞ የሕክምና መድን ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን፣ በሁሉም የሸንገን አገሮች የሚሠራና ሕመምተኛን ወይም አስከሬንን ወደ አገር የመመለስ ወጪን የሚጨምር መሆን አለበት። አስከሬን የሚለው ቃል አማቴን አስደንግጧቸው ነበር፤ ሆኖም ሕጉ ስለሚጠይቅ ውሉ ላይ መኖሩን ማየት ነው። የአውሮፕላን ትኬት ግን ቪዛ ሳይገኝ አይገዛም፤ ለማመልከቻው የጉዞ ማስያዣ ይበቃል።

አምስተኛ፦ የቀጠሮው ቀን

ጅማ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በሰኮሩ፣ በጊቤ ሸለቆ፣ በወልቂጤና በወሊሶ የሚያልፈው መንገድ በአውቶቡስ ሙሉ ቀን ይወስዳል፤ በክረምት ጉም ሲወርድ ደግሞ ይዘገያል። ጠዋት 3 ሰዓት ቀጠሮ ያለው ሰው ከዋዜማው ሳይሆን ከዋዜማው ዋዜማ ቢነሣ ይሻለዋል። ከአባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ የሚደረገው በረራ አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ቢፈጅም፣ በዝናብ ጊዜ ሊሰረዝ ስለሚችል በዕለቱ ጠዋት በረራ ላይ መተማመን ትክክል አይመስለኝም።

የቪዛው ክፍያ ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ ዕድሜው ከ6 እስከ 11 ለሆነ ልጅ 45 ዩሮ ሲሆን ከ6 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይከፈልም። ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ የጣት አሻራ አይሰጥም። አንዴ የተሰጠ አሻራ ለ59 ወር ስለሚቀመጥ የሰጡበትን ቀን መዝግባችሁ ያዙ።

በመስኮቱ የሚጠየቁት ጥያቄዎች አጫጭር ናቸው፤ ልጅሽ ምን ትማራለች፣ መቼ ትመለሳለች፣ አንተ የት ትሠራለህ፣ ገንዘቡ ከየት መጣ የመሳሰሉ። አባትና እናት ለየብቻ ሊጠየቁ ስለሚችሉ ማታ ማታ ቁጭ ብሎ ቀኖቹን አብሮ መከለስ ነውር የለውም። ባለቤቴ «ልጅሽ ምን ታጠናለች?» ተብላ ስትጠየቅ በኩራት «ዶክተር ናት!» አለች፤ በወረቀቱ ላይ ግን ገና የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች። ጠያቂዋ ፈገግ ብላ አለፈችው እንጂ በሌላ መስኮት ወረቀትና ቃል አይገጥሙም ሊባል ይችል ነበር። የእናት ምኞት ለቤት ይቆይ፤ መስኮቱ ላይ ወረቀቱ የሚለውን ብቻ ማለት ነው።

ስድስተኛ፦ ውጤቱ

ቪዛው ሲመጣ ተለጣፊውን ወዲያው፣ ከዚያው ሳትርቁ አንብቡ። በላዩ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ፤ አንደኛው ቪዛው ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደሚያገለግል፣ ሁለተኛው በዚያ ውስጥ ስንት ቀን መቆየት እንደሚፈቀድ ነው። ቪዛው ለ30 ቀን ያህል የሚያገለግል ሆኖ የቆይታው ቀን 15 ብቻ ሊሆን ይችላል። ወሳኙ የሚፈቀደው የቆይታ ቀን ቁጥር ነው። የገቡበትና የወጡበት ቀን ሁለቱም ይቆጠራሉ።

ከተከለከለ ምክንያቱ በቅጹ ላይ ምልክት ተደርጎበት ይሰጣል። ጀርመን ቀደም ሲል በየኤምባሲው ትቀበለው የነበረውን የቅሬታ አቤቱታ ከሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ አቁማለች፤ አሁን የቀሩት መንገዶች በርሊን በሚገኘው የአስተዳደር ፍርድ ቤት መክሰስ ወይም አዲስ ማመልከቻ ማስገባት ናቸው። ሴሚስተሩ ሳያልቅ ክሱ ስለማያልቅ፣ ለልውውጥ ተማሪ ቤተሰብ የሚያዋጣው የጎደለውን ሰነድ አሟልቶ እንደገና ማመልከት ነው። ያንኑ ሰነድ መልሶ ማስገባት ግን ያንኑ መልስ ያመጣል።

ሰባተኛ፦ ሻንጣው

እዚህ ላይ በጣም ልጠነቅቅ፤ ከጅማ የሚነሣ ሻንጣ ውስጥ ምን እንደሚገባ ሁላችንም እናውቃለንና። የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ በሚመጣ መንገደኛ እጅ የሥጋና የወተት ተዋጽኦ እንዳይገባ ይከለክላል። ቂቤ፣ ዓይብ፣ ቋንጣ፣ ክትፎ፣ የተሠራ ወጥ በሙሉ በዚህ ውስጥ ናቸው። እናቶች «ቂቤው እኮ ነጥሯል፣ አይበላሽም» ይላሉ፤ ደንቡ ግን መንጠሩን አይጠይቅም። ባለቤቴ ያነጠረችውን ቂቤ በሁለት ፌስታል ጠቅልላ፣ በነጠላ ሸፍና፣ በሽሮው ከረጢት መሐል ቀብራው ነበር። ያገኘሁት ለሚዛን ሻንጣውን ሳነሣ ኮረሪማው ስለሸተተኝ ነው። ልጃችን በስልክ «እማዬ፣ እባክሽ፣ ጉምሩክ ላይ በእኔ ስም እንዳትቆሚ» እስክትላት ድረስ አላወጣችውም።

የሚፈቀዱት ብዙ ናቸው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ቅቤ ያልነካው ጭኮ ይሄዳሉ። ማር ለአንድ ሰው እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል፤ ክዳኑ በፕላስቲክ ታስሮ በሚጫነው ሻንጣ እንጂ በእጅ ቦርሳ አይገባም። ትኩስ ፍራፍሬና አትክልት የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ይጠይቃል፤ ሙዝና አናናስ ከዚህ ነፃ ከሆኑት ጥቂቶች መካከል ቢሆኑም ሙኒክ ሙዝ ይዞ መሄድ ምን ይሉታል። ቡናው ተቆልቶና ተፈጭቶ በትንሽ በትንሹ ቢታሸግ ጥሩ ነው፤ ቡና ከአገር ሲወጣ በእኛም ጉምሩክ ስለሚታይ መጠኑን ከማሸጋችሁ በፊት ጠይቁ። በአውሮፕላን የሚገባ አዋቂ መንገደኛ ከቀረጥ ነፃ የሚያስገባው ዕቃ ጠቅላላ ዋጋ 430 ዩሮ ነው።

ጫት በፍጹም አይወሰድም። እኛ ጋ በየጥጉ በግልጽ ይሸጣል፤ ጀርመን ግን በውስጡ ያለውን ካቲኖን እንደ አደንዛዥ ዕፅ ስለምትቆጥረው ትኩስም ይሁን ደረቅ፣ የተፈጨም ቢሆን ወንጀል ነው። ለሌላ ሰው አድርስልኝ የተባለን የታሸገ ዕቃ ሳይከፍቱ መቀበልም እንዲሁ አይገባም፤ አደራው የጎረቤት ቢሆን እንኳ ፊቱ ከፍቶ ማየት ነውር አይደለም።

ለልጁ አስተማሪ ወይም ለቤቱ ባለቤት ስጦታ ካሰባችሁ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለች ትንሽ የጅማ በርጩማ ትበቃለች። ስትቀርብ ወግ አላት።

ስምንተኛ፦ የጉዞው ሌሊት

ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓ የሚሄዱ በረራዎች ብዙዎቹ እኩለ ሌሊት ገደማ ስለሚነሡ፣ የትኬት ቀን ማንበብ ለእኛ ሰው ወጥመድ ነው። ትኬቱ ላይ «ጁላይ 28፣ 00፡30» ከተባለ፣ በእኛ አነጋገር ያ የሐምሌ 20 ሌሊት 6 ሰዓት ተኩል ነው። ሐምሌ 21 ማታ ሻንጣውን ይዞ ቦሌ የሚደርስ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ ሙሉ ቀን ሊሞላው ነው። ስለዚህ በትኬቱ ጀርባ ላይ በእጃችሁ በአማርኛ «ሐምሌ 20 ምሽት 3 ሰዓት ቦሌ መድረስ» ብላችሁ ጻፉ። ስሌቱንም ልጁ በስልክ ያረጋግጥ።

ወደ ፍራንክፈርት የሚደረገው ቀጥታ በረራ ሰባት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ከዚያ ወደ ሙኒክ ፈጣኑ ባቡር ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። የግብዣው ደብዳቤ፣ የማደሪያው ማስያዣ፣ የመድኑ ውልና የመመለሻው ትኬት በሚጫነው ሻንጣ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ መሆን አለባቸው፤ የድንበር ፖሊሱ ሊጠይቃቸው ይችላል። ከጥቅምት 2018 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ በደረጃ በተዘረጋው አዲሱ የመግቢያና የመውጫ ምዝገባ ሥርዓት መሠረትም ድንበሩ ላይ የፊት ፎቶ ስለሚወሰድና የጣት አሻራ ስለሚመሳከር፣ ወደ ባቡሩ ለመድረስ ቢያንስ የሦስት ሰዓት ክፍተት መተው ብልህነት ነው። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከነማሸጊያውና ከእንግሊዝኛ የሐኪም ማዘዣው ጋር በእጁ ይያዝ።

ዘጠነኛ፦ እዚያ ከደረሱ በኋላ

ከውጭ መጥቶ ከሦስት ወር በታች የሚቆይ እንግዳ በከተማው ጽሕፈት ቤት መመዝገብ አይጠበቅበትም። እሑድ ሱቆች ስለሚዘጉ የእሑድ ምግብ ቅዳሜ ይገዛል። በከተማው ውስጥ እስከ አምስት አዋቂ በአንድ ላይ የሚጓዝበት የቡድን የቀን ትኬት አለ፤ ለየብቻ ከመግዛት በእጅጉ ይረክሳል። ለድንገተኛ ሕመምና ለእሳት አደጋ የሚደወለው 112 ነው።

በጅማ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ትጠልቃለች፤ በሐምሌ ሙኒክ ግን 3 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው የምትጠልቀው። የሚሰግድ ቤተሰብ የመግሪብና የዒሻ ሰዓት እጅግ ስለሚዘገይበት የከተማውን የሶላት ሰሌዳ ልጁ አስቀድሞ ያዘጋጅ። የሰዓት ልዩነቱ በዚያ ወቅት አንድ ሰዓት ብቻ ቢሆንም፣ ብርሃኑ እያለ እንቅልፍ እምቢ የሚላቸው ሽማግሌዎች አሉ፤ ወፍራም መጋረጃ ያለው ክፍል መጠየቅ ይረዳል።

ለልጁም የራሱን ጊዜ መተው ያስፈልጋል። ፈተና ወይም የሚያስረክበው ጽሑፍ ሊኖረው ይችላል፤ ጠዋት ጠዋት እሱ ቤተ መጻሕፍት ሲሄድ ቤተሰቡ ራሱን ችሎ «የእንግሊዝ መናፈሻ» በሚባለው የሙኒክ መናፈሻ ቢንሸራሸር ለሁሉም ይመቻል። እኛ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ጠዋቱን ለብቻችን አድርገን ከሰዓት በኋላ ስንገናኝ፣ ልጃችን የምታሳየን ነገር ይበዛላት ጀመር።

ቡና ማፍላት ለሚፈልግ፣ በተማሪ መኖሪያ ቤት ዕጣንና ፍም የጭስ መጠቆሚያውን ስለሚያስጮኹ ጀበናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ፣ መቁላቱን ደግሞ ጅማ ላይ መጨረስ ነው።

አሥረኛ፦ መመለስ

የመመለሻውን በረራ በተፈቀደው የመጨረሻ ቀን ላይ አታድርጉት፤ በረራ ቢሰረዝ የሚያሳርፍ ሁለት ሦስት ቀን ይቅር። የመውጫው ምዝገባ በፓስፖርቱ ላይ በማኅተም የተደረገ ከሆነ ቀኑ መነበቡን እዚያው ቆማችሁ እዩ። የመሳፈሪያ ወረቀቶቹን፣ የመድኑን ውልና አሻራ የሰጣችሁበትን ቀን የያዘውን ደረሰኝ በአንድ ፖስታ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ እኛ ፖስታውን ከልጃችን የልደት ምስክር ወረቀት ጋር አንድ መሳቢያ ውስጥ አኑረነዋል፤ ታናሿም ለልውውጥ ማመልከቻ መሙላት ጀምራለችና።